እግራችን ግቢ ሲገባ ለምን ሰነፈ?

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለጊዜው የሚያስቅ ይመስል ይሆናል። እኛ ከኩታበር ወረዳ ወጥተን ዩኒቨርሲቲ የገባን ተማሪዎች፣ በሽሎ ከሚነሣበት ደጋ ዳገት ወጥተን ቁልቁለት ወርደን ፊደል የቆጠርን ልጆች፣ ዛሬ ከመኝታ ክፍላችን እስከ ቤተ መጻሕፍት ለመሄድ የምንለግም ሆነናል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ የሚርቅበት ልጅ ደርሶ መልስ በቀን ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን አሥራ አምስት ሰዓት፣ ማለት 900 ደቂቃ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መምሪያ አንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። እንግዲህ ያ ልጅ ማንም ሳይመክረው ከዝቅተኛው ልክ ስድስት እጥፍ ይሠራ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስም ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ወደ ወላጆቹ ወጥቶ፣ እሑድ በሶውንና ቆሎውን ተሸክሞ ይመለስ ነበር። ይኸው ልጅ ግቢ ከገባ ወዲህ በሳምንት ስንት ደቂቃ እንደሚንቀሳቀስ ራሱን ይጠይቅ። እኛ ጠይቀን አፍረናል።

ታዲያ ምን ነካን? ሜዳው አይበቃም፣ ኳስ የለም፣ ምግቡ ጉልበት አይሰጥም የሚል መልስ እንሰማለን። ስለ ምግቡ የሚባለውን አንክድም፤ የካፌን ወጥ የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ መራመድ ሜዳም ኳስም አይጠይቅም። እኛ እንደምናየው ትልቁ መሰናክል ያለው በሐሳባችን ውስጥ ነው።

እኛ እግርን የምናውቀው በግዴታ ነው። ውኃ በእግር፣ እንጨት በእግር፣ ከብት በእግር፣ ወፍጮ በእግር። ወላጆቻችንም «ተማርና ከዚህ ድካም ውጣ» እያሉ አሳደጉን። ይህን ያሉት ስለ ወደዱን ነው፤ ነገር ግን መማር ማለት መቀመጥ ማለት ሆኖ በልባችን ተቀረጸ። የተማረ ሰው ባጃጅ ይሳፈራል፣ በእግሩ የሚሄድ ገንዘብ የቸገረው ነው ብለን አመንን። ድካሙን ስንሸሽ ጤናውንም አብረን ጣልነው።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሰው ከገዛ ፈቃዱ የሚሠራው ሥራ በትእዛዝ ወይም በሽልማት ከሚሠራው ይልቅ እንደሚዘልቅ ካስተማሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የእኛም ነገር ይህንኑ ያሳያል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ውስጥ የአካል ብቃት ትምህርት ገብቷል፤ ውጤቱም «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ነው። ያን ሰሞን ሁላችንም ሮጠን ነበር። ኮርሱ ሲያልቅ፣ ፉጨቱ ሲቆም፣ እኛም ቆምን። መምህሩን አንወቅስም፤ ሩጫው የእኛ ሆኖ አያውቅም ነበርና።

ሌላው ነገር ይሉኝታ ነው። አንድ ተማሪ ማልዶ ተነሥቶ ቢሮጥ ከመስኮት «አትሌት ልትሆን ነው?» የሚል ሽሙጥ ይወርድበታል፤ ወይም «ጠግቦ ነው» ይባላል። ይህችን ሽሙጥ በቀላሉ አንለፋት። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ በአገራችን ሩጫ የጀግና ሥራ ሆነ። በዚህ እንኮራለን። ነገር ግን የጀግና ሥራ የሆነ ነገር ለተራ ሰው የሚገባ አይመስልም፤ ወይ ወርቅ ታመጣለህ፣ ወይ ተቀምጠህ ታጨበጭባለህ። አልበርት ባንዱራ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጥናት ሰው «እችላለሁ» የሚል እምነት ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ እርሱን የሚመስል ሰው ሲሠራ ማየት መሆኑን ጽፏል። የሚመስለውን! ስለዚህ ከግድግዳችን ላይ ከተሰቀለው የሻምፒዮን ሥዕል ይልቅ ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ወፍራሙ ጓደኛችን በየማለዳው ሃያ ደቂቃ ቢራመድ የበለጠ ያነሣሣናል።

ስለ እኅቶቻችን ስንናገር እኛ ወንዶቹ ራሳችንን መመርመር ይገባናል። በልጅነቷ እንስራ አዝላ ዳገት የወጣች ልጅ ጉልበት ጎድሏት አይደለም ከሜዳው የቀረችው። ቱታ ለብሳ ብቅ ስትል ዓይን ሁሉ ይከተላታል፤ አንዱ ስለ ሰውነቷ ይናገራል፣ ሌላው «ወንዳወንድ» ይላታል። አንዲት ጓደኛችን ሁለት ቀን ወጥታ በሦስተኛው ቀርታለች። ለምን ቀረሽ ብለን ስንጠይቃት «ከመሮጡ መታየቱ ይደክማል» አለችን። ከሣቁት መካከል ይህን ጽሑፍ ከምናዘጋጀው አንዳንዶቻችን ነበርን።

ከዚህም የከበደ ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኩታበርን አልፎ ደሴ በደረሰ ጊዜ ከእኛ ብዙዎቹ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ ሌሊት በእግራችን ሸሽተናል። ለአንዳንዶቻችን ሩጫ ማለት እስከ ዛሬ ያ ሌሊት ነው። እንዲህ ያለውን ጓደኛ «ሰነፍ» ብሎ መጥራት ነውር ነው። ከእርሱ ጋር ዝም ብሎ፣ በቀስታ፣ በቀን ብርሃን አብሮ መሄድ ግን ይቻላል።

ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ያን ጊዜ ጭንቀቱ ይበረታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ከእኛም መካከል በጫት ላይ ተቀምጦ የሚያነጋ አለ። አዘውትሮ መንቀሳቀስ ጭንቀትን እንደሚያቀልና እንቅልፍን እንደሚያሻሽል በብዙ ጥናት የታወቀ ነው። እኛ ግን ጊዜ የለኝም እንላለን። 150 ደቂቃ ለሰባት ቀን ሲካፈል ሃያ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ካፌ ተሰልፈን የምንቆመው ከዚህ ይበልጣል።

የተማሪዎች ኅብረታችንም በየዓመቱ የኳስ ውድድር ያዘጋጃል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሃያ ሁለት ሰው ሲጫወት ሺህ ሰው ቆሞ የሚያይበትን ነገር የተማሪው እስፖርት ብለን መጥራት ይከብደናል።

ስለዚህ ከእኛ ጋር መራመድ የሚወድ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ከዋናው በር ውስጥ ይገናኘን። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረን ለቁርስ እንመለሳለን። ፉጨት የለም፣ ሰዓት የሚይዝም የለም፤ ቱታ የሌለው በኮንጎ ጫማው ይምጣ። ለእኅቶች የተለየ የሜዳ ሰዓት እንዲሰጥ ለኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ያቀረብነው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም፤ መልሱ ሲደርሰን በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን።