ብልቃጡ ሲመጣ ጠብታው ቀረ

 

እዚህ አዳማ በሰፈራችን አንድ አባት አሉ። ለመግሪብ ሶላት ሲወጡ ደረጃ መሳት፣ በጎን የመጣን ባጃጅ አለማየት ጀመሩ። ቤተሰቡ «ሞራ ነው፤ ሲበስል ይገፈፋል» ብሎ ጠበቀ። ቆይተው ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ግላኮማ መሆኑ ተነገራቸውና በየቀኑ የሚጨመር የዓይን ጠብታ ታዘዘላቸው። ጥቂት ወራት ተጠቀሙበት። ከዚያ ጅዳ ያለችው ልጃቸው ከደሞዟ ቀንሳ «ለዓይን» የተባለ የቫይታሚን እንክብል ላከችላቸው። ብልቃጡ ሲመጣ ጠብታው ቀረ። ዛሬ አንደኛው ዓይናቸው አያይም።

ማንም ክፉ አላሰበም። ልጅቷም «ተጨማሪ ይሁናችሁ» ብላ ነበር የላከችው። ቤት ውስጥ ግን «ተጨማሪ» የምትለዋ ቃል ጠፋች።

ሞራና ግላኮማ አንድ አይደሉም። ሞራ የዓይን ሌንስ መደፈን ነው፤ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ እይታ ይመለሳል። ግላኮማ ግን ከዓይን ወደ አንጎል ምስል የሚያደርሰውን ነርቭ ነው የሚገድለው፤ ብዙ ጊዜ በዓይን ውስጥ ግፊት ምክንያት። የሞተ ነርቭ አይመለስም። ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ከጎን ጀምሮ ቀስ እያለ ያጠባል። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን 1.6ቱ ዓይነ ስውር መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ሲሆን፣ 5.2 በመቶውን ግላኮማ ነው። ሞራን መጠበቅ ይቻል ይሆናል፤ ግላኮማን መጠበቅ ግን ዓይንን መሸኘት ነው።

ታዲያ እንክብሎቹ ከንቱ ናቸው? አይደለም፤ እውነቱን እንናገር። ቫይታሚን ቢ3 ከሚባሉት አንዱ የሆነው ኒኮቲናማይድ የተመራማሪዎችን ቀልብ ስቧል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአይጦች ላይ የዓይን ነርቭን ከጉዳት ሲከላከል ታየ። በ2020 አውስትራሊያ ውስጥ 57 የግላኮማ ሕሙማን ለጥቂት ሳምንታት ወስደውት የነርቭ ሴሎቻቸው አሠራር መሻሻል አሳይቷል። ደስ የሚል ተስፋ ነው። ነገር ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ እነዚያ ሕሙማን ጠብታቸውን አላቋረጡም። እንክብሉ የተፈተነው በጠብታው ላይ ተጨምሮ እንጂ በጠብታው ፋንታ አይደለም።

ሁለተኛ፣ መጠኑ በቀን እስከ 3 ግራም ነበር። አንድ ጎልማሳ ወንድ በቀን የሚያስፈልገው ቢ3 16 ሚሊግራም ገደማ ነው። ወደ 200 እጥፍ ማለት ነው! እንዲህ ያለ መጠን ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ክትትልና ያለ ደም ምርመራ አይሞከርም።

ሦስተኛ፣ ከውጭ የሚላኩልን አብዛኞቹ «የዓይን ቫይታሚኖች» ለሌላ በሽታ፣ ከዕድሜ ጋር ለሚመጣ የሬቲና ማዕከል መድከም የተቀመሙ ናቸው። ግላኮማን ያቆማሉ የሚል ማስረጃ የለም።

በአንጻሩ ግፊትን መቀነስ ያለው ጥቅም በማያሻማ ሁኔታ ተረጋግጧል። በስዊድን የተደረገ የዓመታት ክትትል፣ የዓይን ግፊት በአንድ ነጥብ በቀነሰ ቁጥር በሽታው የመባባስ ዕድሉ 10 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህን የሚያደርጉት ጠብታ፣ ሌዘርና ቀዶ ሕክምና ናቸው። ጎመንና ቅጠላ ቅጠል የሚያዘወትሩ ሰዎች በግላኮማ የመያዝ ዕድላቸው አነስ ብሎ የታየበት ሰፊ ጥናትም አለ። ከመቂና ከባቱ ማሳ የሚመጣው ጎመን ገበያችን ውስጥ ሞልቷል፤ ብሉ፣ አብሉ። ግን እሱም ምግብ ነው፤ የጠብታ ምትክ አይደለም።

ጥቁር አዝሙድና ማርን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ነቢያችን ﷺ መድኃኒት እንድንፈልግ አዝዘውናል። ጠብታውም አላህ ያገራልን ሰበብ ነው። አንዱን ሰበብ ይዞ ሌላውን መጣል ተወኩል አይባልም። ማርም ሆነ ዘይት ዓይን ውስጥ አትጨምሩ።

ጠብታ የሚቋረጥበት ሌላው ምክንያት ረመዷን ነው። ብዙ አባቶችና እናቶች «ጾም ያፈርሳል» ብለው ወሩን ሙሉ ይተዉታል። በአገራችን በስፋት በሚታወቀው የሻፊዒይ መዝሀብ የዓይን ጠብታ ጾም አያፈርስም። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ፣ ጉሮሮ የደረሰው እስካልተዋጠ ድረስ እንደማያፈርስ ወስኗል። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ ከአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ በጣት መጫን ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ይቀንሳል። ልቡ ላልረጋም መፍትሔ አለ፤ በቀን አንዴ ማታ የሚወሰደውን ከኢፍጣር በኋላ፣ ሁለቴ የሚወሰደውን በስሁርና በኢፍጣር እንዲሆን ሐኪሙን ጠይቁ።

እናንተ ወጣቶች ስልክ አላችሁ። በቀጠሮው ሰዓት አላርም ሙሉላቸው። የታላላቆቻችን እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ጠብታው ጉንጭ ላይ ነው የሚቀረው። እናንተ ጨምሩላቸው። ጠብታው ሳያልቅ ግዙ፤ ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ልላክ?» ሲል ከቫይታሚን በፊት የጠብታውን ዋጋ ንገሩት። ከአርባ ዓመት በላይ የሆናቸውን ወላጆቻችሁን አዳማ ባለው የዓይን ክፍል አስመርምሩ፤ ከፍ ያለ ሕክምና ካስፈለገ የቡታጅራው ግራርቤት ወይም የአዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው አደጋው በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር እናንተም ተመርመሩ። ዓይናችሁን ባሳከካችሁ ቁጥር ያለ ትእዛዝ የስቴሮይድ ጠብታ አትግዙ፤ እሱ ራሱ ግፊት ጨምሮ ወጣትን ለግላኮማ ይዳርጋል።

ለወላጅ በጎ መዋል አንዳንዴ በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ ማታ ከኢሻ በኋላ አንዲት ጠብታ።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ የዓይናችንን ብርሃን ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።