ለአሻንጉሊት ቤት የድንጋይ ወለል

ዕቃ ዕቃ ያልተጫወተ አያት የለም። በእኛ ጊዜ ቤቱ የሚሠራው ከጠጠርና ከጭቃ ነበር። ጣሪያው የኮባ ቅጠል፣ እንግዳዋ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ቡናው ደግሞ አፈር የተበጠበጠበት ውሃ። የዛሬ ልጆች ብዙዎቹ ግቢ የላቸውም፤ ጭቃውም ከሦስተኛና ከአራተኛ ፎቅ በታች ቀርቷል። ጨዋታው ግን አልጠፋም። የጫማ ካርቶን አቁመው፣ በርና መስኮት ቀደው፣ አሻንጉሊታቸውን ያስተኙበታል። ትልቅ ሰው እጁን ቢያስገባ ጥሩ ከሚሆንባቸው ነገሮች አንዱ የዚህ ቤት ወለል ነው።

ወለልን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ባለፈው ወር አንዲት አያት ለዚህ ዓምድ ደብዳቤ ልከው ነበር። ከ40 ዓመት በላይ የኖሩበት ቤት ሊፈርስ ነው፤ እሳቸውም ወደ ኮንዶሚኒየም ሊገቡ ዕቃ እየሸከፉ ነው። በረንዳው ላይ ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በገዛ እጃቸው ያነጠፉት ድንጋይ አለ። የ8 ዓመት የልጅ ልጃቸው «ወፌ ቆመች» የተባለችው በዚያ ድንጋይ ላይ ነው። ልጅቷ ሽክፉን አይታ «እማማ፣ ድንጋዩንስ እንወስደዋለን?» አለቻቸው። «ምን ብዬ ልመልስላት?» ይላሉ እናታችን።

ድንጋዩን መውሰድ አይቻል ይሆናል። ልኩንና መልኩን መውሰድ ግን ይቻላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ለእሳቸውም፣ ከልጅ ጋር ቁም ነገር ያለው ሥራ መሥራት ለሚፈልግ ሁሉም ነው።

የአሻንጉሊት ቤትን አሳምሮ መሥራት በአውሮፓ የቆየ ሙያ ነው። አምስተርዳም በሚገኘው ራይክስሙዚየም ውስጥ ፔትሮኔላ ኦርትማን የምትባል ባለጸጋ ሴት ከ1686 እስከ 1710 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ያሠራችው ቤት ዛሬም ይታያል። የእንግሊዟ ንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት ደግሞ ከ1921 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀምጧል። ንድፉን ያወጣው ኤድዊን ሉተየንስ የተባለው የታወቀ አርክቴክት ነው፤ ቧንቧው ውሃ ያወርዳል፣ መብራቱም ይበራል። ሁለቱም ግን የልጅ መጫወቻ አልነበሩም። የእኛ የሚነካ፣ የሚጫወቱበት፣ ቢያስፈልግም የሚጠገን ይሁን።

ከእነዚያ ባለሙያዎች የምንወስደው አንድ ነገር ልኬትን ነው። የንግሥቲቱ ቤት የተሠራው 1 ለ12 በሆነ ልክ ነው፤ ማለትም እውነተኛው ዕቃ 12 ጊዜ እንዲያንስ ተደርጎ። 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የወለል ድንጋይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በየሰፈሩ የተነጠፈው ኮብልስቶን 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ልክ የሚስማማው ቁመቷ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ አሻንጉሊት ነው። ልጅዎ ያላት 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆነው የባርቢ ዓይነት ከሆነች በ12 ፈንታ በ6 ያካፍሉ፤ ያኔ የ30 ሴንቲ ሜትሩ ድንጋይ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አሻንጉሊቷን ይለኩ። ማካፈል የተማረ ልጅ ካለ ሒሳቡን ለእሱ ይተዉለት።

ቀጥሎ እውነተኛውን ወለል አብራችሁ እዩት። ቤቱ ሊፈርስ ከሆነ ይህን ለነገ አያሳድሩት። ከወለሉ አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጠው ከላይ ቀጥ ብለው ፎቶ ያንሱ። ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐይ በአግድም ስትወድቅ ቢያነሱት ጎርበጥባጣው ጎልቶ ይወጣል። ስስ ወረቀት ድንጋዩ ላይ ዘርግታችሁ ልጁ እርሳሱን አጋድሞ ይሸው፤ የድንጋዩ ቆዳ ወረቀቱ ላይ ይመጣል። ከዚያ ድንጋዮቹን ቆጥራችሁ በደብተር ላይ ሳሉ። የተሰነጠቀው የትኛው ነው? በእግር ብዛት የለሰለሰው የት ጋ ነው? የከሰል ምድጃው ሁልጊዜ የሚቀመጥበት፣ የጠቆረውስ? ቡና የሚፈላበትን ቦታ ልጁ ካላወቀ ይንገሩት። ድንጋዩን ማን እንዳመጣው፣ በምን እንደተጫነ፣ ስንት ቀን እንደፈጀ የሚነሳው ጨዋታ እዚህ ላይ ነው።

ወለሉን በእውነተኛ ድንጋይ ስብርባሪ ለመሥራት ማሰብ ያለ ነው፤ ነገር ግን አይመከርም። በድንጋዩ ላይ ያለች 2 ሚሊ ሜትር ቅንጣት በትንሹ ቤት ውስጥ እንደ 2.4 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ትታያለች። ስለዚህ እውነተኛው ድንጋይ ሐሰተኛ ይመስላል። ለዚህ ሥራ እጅግ የሚስማማው በየሱቁ የሚጣለው፣ 30 እንቁላል የሚይዘው ግራጫ የወረቀት መያዣ ነው። ገጹ በተፈጥሮው ሻካራና ጎርበጥባጣ ስለሆነ ቀለም ሲነካው ቁርጥ ድንጋይ ይሆናል። ንጹሕና እንቁላል ያልፈሰሰበትን ይምረጡ፤ ፀሐይ ላይ ያውሉት፤ ከነካችሁት በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሌላው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ጠንካራ ካርቶን፣ ኮላ፣ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ የተማሪ የውሃ ቀለም፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ስፖንጅ፣ ትንሽ ጄሶና ስቴኪኒ ይበቃል።

ካርቶኑን በክፍሉ ልክ ይቁረጡ። ኮላ እርጥበት ስላለው አንዱን ገጽ ብቻ ከቀቡት ካርቶኑ ይቆለመማል። ስለዚህ በውሃ የቀጠነ ኮላ ሁለቱንም ገጽ ይቀቡና ሲጠፈጥፍ በሁለት ላስቲክ መካከል አድርገው መጽሐፍ ይጫኑበት። በማግስቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ያገኙታል።

የእንቁላል መያዣውን ጎናጎን እየቆረጡ በውሃ ትንሽ ያርጥቡት፤ ከዚያ በጨርቅ መካከል ዘርግተው ክብደት ይጫኑበት። ሲደርቅ ቀጥ ይላል፣ ሻካራነቱ ግን ይቀራል። ከዚህ ላይ ድንጋዮቹን ይቁረጡ። ክፍሉ 30 በ25 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ድንጋዩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 120 ገደማ ያስፈልጋል። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፤ በቀን 15 ቢለጠፍ በ8 ቀን ያልቃል። ሁሉም አንድ ዓይነት እንዳይሆኑ። በእጅ የተጠረበ ድንጋይ ማዕዘኑ እኩል አይደለም፤ ጫፍ ጫፋቸውን በመቀስ በጥቂቱ ይቀንጥሱት፣ ጠርዛቸውንም በጣት ጥፍር ያለስልሱት።

ኮላ ከመንካታችሁ በፊት ሁሉንም በደረቁ ደርድሩ። ከበሩ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ሂዱ፤ ሙሉ ሙሉዎቹ ዓይን በሚያርፍበት በር ላይ ይሆኑና ለመሙያ የተቆረጡት ከኋላ ግድግዳ ሥር ይደበቃሉ። የበረንዳውን የምትቀዱ ከሆነ ደብተራችሁን ተከተሉ። ከራሳችሁ የምትፈጥሩ ከሆነ ግን አራት ማዕዘን አንድ ቦታ ላይ እንዳይገናኝ አድርጉ፤ ግንበኛ ድንጋይ ሲደረድር መጋጠሚያውን እንደሚያፈራርቅ ማለት ነው። በመካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ፤ ስቴኪኒ በመካከል እያስገቡ መለካት ይቻላል። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳችሁ ለጥፉ።

ቀለሙ ላይ የሚቸኩል ሰው ሴራሚክ ይሠራል እንጂ ድንጋይ አይሠራም። መጀመሪያ ሁሉንም በመካከለኛ ግራጫ ቀቡት። ሲደርቅ ከአምስቱ አንዱን ትንሽ ቡናማ፣ ሌላውን ትንሽ ጠቆር ያለ፣ አንዱን ደግሞ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ አድርጉት። ልዩነቱ ጥቂት ይሁን፤ ዳማ እንዳይመስል። ቀጥሎ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቀለም፣ ወይም ቀዝቃዛ ወፍራም ቡና፣ በላዩ ላይ አስኪዱና ወዲያው በጨርቅ ጠጥ አድርጉት፤ ጥቁሩ በስርጉዱ ውስጥ ይቀራል። በመጨረሻ የጥርስ ብሩሹን ነጣ ያለ ግራጫ አስነክታችሁ፣ ወረቀት ላይ ጠርጋችሁ እስኪደርቅ ድረስ፣ የድንጋዩን አናት ብቻ ዳሱት። እዚህ ላይ ነው ልጁ «ውይ! እውነተኛ ድንጋይ ሆነ!» የሚለው። የምድጃው ጥቁር፣ የበሩ ልስላሴ፣ የተሰነጠቀውም ድንጋይ የሚገባው አሁን ነው። ስንጥቁን በቀጭን እርሳስ ይሳሉት።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በውሃ የቀጠነ ኮላ በላዩ ላይ አንድ ጊዜ ቀቡ፤ ሳታሹ፣ በለስላሳ ብሩሽ። ይህ ካልተደረገ የመጋጠሚያው ሙሌት ድንጋዩን ያበላሻል። ሲደርቅ ጥቂት ጄሶ በውሃ በጥብጣችሁ፣ ግራጫ ቀለም ጨምራችሁ፣ በጣት ክፍተቱ ውስጥ አስገቡ። ሳይጠነክር በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ ከላይ ከላይ ጥረጉ። ጄሶ ቶሎ ስለሚደርቅ በአንድ ጊዜ የቡና ስኒ ሩብ ከሚሞላ በላይ አትበጥብጡ። የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ አትቀቡ፤ የበረንዳ ድንጋይ አያብለጨልጭም።

ስለ ደኅንነት ጥቂት ልበል። ካተር የትልቅ ሰው ነው፤ ለልጅ መቀስ ይበቃዋል። የጄሶ ዱቄት ወደ ሳንባ መግባት ስለሌለበት እርስዎ በጥብጡት። ሲጠነክር ስለሚሞቅ ልጁ እጁን በብዙ ጄሶ ውስጥ እንዳይከት። ትርፉን ልብስ ማጠቢያ ወይም ሳህን ማጠቢያ ውስጥ አትድፉት፤ ቧንቧ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ከቤት ቀለም የተረፈ የዘይት ቀለም አትጠቀሙ፤ አንዳንዱ ለልጆች አእምሮ ጎጂ የሆነው ሊድ ሊኖርበት ይችላል። ከ3 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ቁርጥራጩን ሁሉ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ አፉ ውስጥ ከገባ ያንቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን እጅን መሰብሰብ ነው። የልጅ ድንጋይ ይጣመማል፣ ኮላው ይተርፋል፣ ክፍተቱ እዚህ ይጠብና እዚያ ይሰፋል። አያት ሊያቃና እጁ ይበላዋል። ልጁ ከተኛ በኋላ ነቅለው አስተካክለው የሚለጥፉ ወላጆችም አሉ። ጠዋት ልጁ ያውቃል። አይናገር ይሆናል፤ ወደ ሥራው ግን አይመለስም። ሥራውን ተካፈሉ፤ ካተሩና ጄሶው የእርስዎ፣ መደርደሩና መለጠፉ የልጁ። ባለቤትዎ ያነጠፉት በረንዳስ ቢሆን ጠማማ ድንጋይ አልነበረበትም? ልጅቷ የምታስታውሰው እሱኑ ሊሆን ይችላል።

ለደብዳቤዋ ባለቤት አንድ ነገር ልጨምር። ይህች ትንሽ ወለል ቤቱን አትመልስም፤ ለልጅቷም ትመልሳለች ብለው አይንገሯት። «ድንጋዩን አንወስደውም፤ ግን ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደሚመስልና ማን እንዳነጠፈው ቆጥረን ጽፈን እንወስዳለን» ይበሏት። እውነት ነውና ይገባታል። ልታለቅስም ትችላለች፤ ታልቅስ። እርስዎም ቢያለቅሱ ነውር የለውም። በማግስቱ ማስመሪያውን ይዛችሁ በረንዳ ውጡ።

ወለሉ አልቆ ቤቱ ውስጥ ከመለጠፉ በፊት ግልብጥ አድርጉትና ከሥሩ በእርሳስ ጻፉበት፦ እውነተኛውን ወለል ማን እንዳነጠፈው፣ በየትኛው ሰፈር እንደነበረ፣ ይህን ትንሹን ደግሞ ማን ከማን ጋር በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሠራው። ጽሕፈቱ የልጁ ይሁን፤ ፊደል ቢሳሳትም አታርሙት።