ዝግባን በስሙ ጥሩት

 

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ተማሪያችን እየፈነደቀች መጣች። በመደበኛ ትምህርት ቤቷ ያሉት የክፍሏ ልጆች ስለ ደን ሊያጠኑ ወደ ሊምፖፖ፣ ማጎባስክሉፍ አካባቢ ወዳለው ጥቅጥቅ ደን ሊሄዱ ነው። ከቴምቢሳ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የምትይዘውን ዝርዝር አሳየችኝ፦ የዝናብ ልብስ፣ ቦት ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ ደብተርና እርሳስ። ጥሩ ዝግጅት ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ይጎድላል ባይ ነኝ፤ እሱም ከቤት የሚገኝ የዛፍ ስም ነው።

ደብተሯ ላይ «የሎውውድ» የሚል የዛፍ ስም አየሁና «ይሄን በአማርኛ ምን ይሉታል?» አልኳት። «ዛፍ!» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። በኋላ ግን ራሴን ወቀስኩ። እኛ መምህራን «ዛፍ» የሚለውን ቃል አስተምረን እዚያው ላይ ቆመናል።

የሎውውድ እኮ ባዳ አይደለም። የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ዛፍ የሆነው የሎውውድ የዝግባ ዘመድ ነው። እኛ ዝግባ የምንለው ዛፍ ራሱም እዚህ አገር ይበቅላል። ሌላም አለ። በኢትዮጵያ «ጥቁር እንጨት» የሚባለው ዛፍ እዚህ ያለው ስሙ ሲተረጎም «ቀይ የሚሸት እንጨት» ማለት ነው። አንድ ዛፍ፣ እዚያ ጥቁር፣ እዚህ ቀይ! ቅርፊቱ ለመድኃኒት ስለሚፈለግ በየአገሩ ያለ ልክ ተልጧል፤ ዙሪያውን ከተላጠ ደግሞ ይደርቃል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል።

ቡናስ? ቤታችሁ የሚፈላው ቡና የደን ልጅ ነው። በከፋ ደን ውስጥ ዛሬም ማንም ሳይተክለው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ከፋንና ያዩን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧቸዋል። ጥላ የሚሆኑት ዛፎች ከተቆረጡ የዱር ቡናውም ይጎዳል። ተማሪያችን ደኑ ውስጥ የምትማረውም ይህንኑ ነው፤ አንዱ ሲነካ ሌላውም ይነካል።

አንዳንድ ወላጆች «ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ የአማርኛው ስም ምን ያደርግላታል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ማርክ አይጨምርላት ይሆናል። ነገር ግን የማናውቀውን ሰው ሰላም ሳንል እንደምናልፈው፣ ስሙን የማናውቀውን ዛፍም ዝም ብለን እናልፈዋለን። ስም ስትጠይቁ ደግሞ ታሪኩ ተከትሎ ይመጣል። እስቲ እናታችሁን ስለ ወይራ ጠይቋት፤ የወተት ዕቃ በጭሱ እንዴት እንደሚታጠን ትነግራችኋለች። የዱር ወይራ እዚህ ጆሃንስበርግም ይተከላል፤ ምናልባት በየቀኑ በአጠገቡ ታልፉ ይሆናል። እንዲህ ያለውን እውቀት ካልጠየቅን ከታላላቆቻችን ጋር ይቀራል።

ስለዚህ የቤት ሥራ ሰጥቻችኋለሁ። ዛሬ ቡና ሲፈላ የ3 ዛፎችን ስምና ጥቅም ጠይቃችሁ ጻፉ። እናትና አባት ካላወቁ አገር ቤት ላሉት አያታችሁ ደውሉ፤ ደስ ይላቸዋል። ቅዳሜ ስትመጡ ግድግዳው ላይ እንለጥፈዋለን።

ተማሪያችን ደግሞ የዝግባን ዘመድ አግኝታ በስሙ ጠርታው እንደሆነ ስትመለስ ትነግረናለች። መልካም ጉዞ!