«ሃያ ዓመት አላሳፈረንም» ማለት ዋስትና አይሆንም



ስለ ቤት ኪራይ ውድነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለምንከራየው ቤት ደኅንነት ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ ለማመልከት የፈለግሁት በብዙዎቻችን ማድ ቤት ውስጥ ስለሚገኘው አሮጌ የቡታጋዝ መስመር ነው። ቦታ ቢገኝ ይህ አስተያየቴ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የምኖረው ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ በሚገኝ የኪራይ ቤት ነው። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድ ቤት አለው። የጋዙ ሲሊንደር በደጅ ከጣራው ጥላ ሥር ቆሞ፣ ቧንቧው ግድግዳውን በስቶ ይገባና በላስቲክ ጎማ ከምድጃው ጋራ ይገናኛል። ቤቱን በተከራየሁ ጊዜ የጎማውን ማርጀት አይቼ ብጠይቅ፣ እትዬ የምንላቸው አከራያችን «አይዞህ ልጄ፣ ይኸ መስመር ከተዘረጋ ሃያ ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን አላሳፈረንም» አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸውና ቃላቸውን አመንሁ።

በኅዳር ወር ብርዱ ሲጠና ደግሞ እኔው ራሴ በስሕተት ላይ ስሕተት ጨመርሁ። ከማድ ቤቱ መስኮት በላይ ያለችውን የአየር ቀዳዳ በአሮጌ ጋዜጣ ወተፍኋት። ማታ ማታም የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሳርም ክፍላችን እንዲሞቅ ምድጃውን ለኩሼ፣ የማድ ቤቱን በር ወደኛ ከፍቼ እተው ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ባለቤቴ «ራሴን ያመኛል» አለች፤ የአራት ዓመት ልጃችንንም ማታ ማታ ያስመልሳት ነበር። ጎረቤቶች «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አመጡልን፤ ሐኪም ቤትም ሁለት ጊዜ አመላለስናት። ቀን ከቤት ስንወጣ ሕመሙ ይተወናል፤ ማታ ይመለሳል። የድስቱ መቀመጫ ጥላሸት ለብሶ ነበር፤ ነበልባሉም ሰማያዊነቱ ቀርቶ ቢጫ ሆኖ ነበር።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ያልተሟላ ቃጠሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዘኛ ጋዝ እንደሚያወጣ በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። በሰሌዳ ላይ የማስተምረውን በገዛ ማድ ቤቴ ለማወቅ ግን አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ይህን በአደባባይ የምናገረው ሌላው ሰው ከእኔ እንዲማር ብዬ እንጂ የሚያስመሰግን ሆኖ አይደለም።

ባለሙያ ጠርተን ብናስመረምር ሁለት ጉድለት ተገኘ። ጎማው ከምድጃው በስተኋላ ተሰነጣጥቆ ኖሮ፣ የሳሙና ውሃ ቢቀባበት አረፋው እየተነፋ ተነሣ። የምድጃው ቀዳዳዎች ደግሞ በቅባትና በጥላሸት ተደፍነዋል። ጎማው ተለወጠ፤ ምድጃው ተጠረገ፤ የወተፍሁት ጋዜጣም ከቀዳዳው ወጣ። ሕመሙም በዚያው ቀረ።

ከዚህ የምንረዳው አደጋው ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አንደኛው ሳይቃጠል የሚያመልጠው ጋዝ ነው። ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ ስለሌለው ሰው እንዲነቃበት ተብሎ ሽታ ይጨመርበታል። ከአየር ስለሚከብድም እንደ ጭስ ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ በወለሉ ላይ ይተኛል፤ በዚያም የእሳት ፍንጣሪ ያገኘ እንደ ሆነ ይፈነዳል። ሁለተኛው ምድጃው አየር ሲያጥረው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህኛው ሽታም ቀለምም የለውም። በደማችን ውስጥ የኦክስጂንን ቦታ ይወስዳል፤ ከደም ጋራ የሚያያዝበትም ኃይል ከኦክስጂን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በዚያውም ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ስለዚህ ለቆላ አገር ተብሎ የተሠራ ምድጃ እዚህ ሲመጣ አየር ሊያጥረው ይችላል።

ታዲያ አሮጌ የሆነ መስመር ሁሉ ተነቅሎ ይጣል ማለቴ ነውን? አይደለም። ዕድሜ ብቻውን ፈራጅ ሊሆን አይችልም። በለንደን ከተማ ሮናን ፖይንት የሚባል ባለ 22 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ነበረ። ግንቦት 8 ቀን 1960 ዓ.ም. ማለዳ በ18ኛው ፎቅ የምትኖር አንዲት ሴት ሻይ ለማፍላት ክብሪት ብትጭር፣ አምልጦ የነበረው ጋዝ ፈነዳ። የሕንፃው አንድ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ተናደ፤ 4 ሰዎችም ሞቱ። ሕንፃው ሰው ከገባበት ገና ሁለት ወር ገደማ ነበረ። በምርመራ የተገኘው የፍንዳታው መነሻ ምድጃውን ከጋዙ መስመር የሚያገናኘው ጉድለት ያለበት አንድ የናስ ዳዶ ነበር። እንግዲህ ለአዲሱ ሕንፃ አዲስነቱ ካልጠቀመው፣ ለእኛም መስመር ሃያ ዓመት መቆየቱ ዋስትና ሊሆነን አይችልም። እንዲያውም የሚነግረን ጎማው ሃያ ዓመት ማርጀቱን ነው።

ትክክለኛው መመዘኛ ምርመራ ነው። ከምርመራውም ብዙው ማንኛውም ሰው በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ነው። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው ወይስ ቢጫ? ጎማው ሲታጠፍ ስንጥቅ ይታይበታልን? የአገልግሎቱ ዘመን ተጽፎበት እንደ ሆነስ አልፏልን? መጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ሲቀባ አረፋ ያስነሣልን? በክብሪት መፈተን ግን ከቶ አይገባም። የአየር ቀዳዳው በላይም በወለሉ አጠገብም ክፍት ነውን? ሲሊንደሩስ ቀጥ ብሎ በደጅ ቆሟልን? ጉድለት ከተገኘ ጥገናው የባለሙያ ፈንታ ነው። ጋዝ የሸተተ እንደ ሆነ ደግሞ የመብራት ማብሪያ ሳይነኩ ሲሊንደሩን መዝጋት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ቤተ ሰብን ይዞ መውጣት፣ ከዚያም ከውጭ ሆኖ ለእሳት አደጋ በ939 መደወል ይገባል።

ይሁን እንጂ ዋናው ጥያቄ ኀላፊነቱ የማን ነው የሚለው ነው። አከራዩ «የሚጠቀምበት ተከራዩ ነው» ይላል፤ ተከራዩም «ንብረቱ የአከራዩ ነው» ይላል፤ በሁለቱ መካከል ጎማው ይሰነጠቃል። በእንግሊዝ አገር በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ መሠረት፣ አከራይ የጋዙን መሣሪያ በየ12 ወሩ በተመዘገበ ባለሙያ አስመርምሮ የምርመራውን ወረቀት ለተከራዩ የመስጠት ግዴታ አለበት። እኛም መነሻ አላጣንም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ታዲያ ውሉ ሲመዘገብ የጋዙንና የኤሌክትሪኩን መስመር ሁኔታ የሚገልጽ አንድ ገጽ የምርመራ ወረቀት አብሮ ቢያያዝ ምን ይጎዳል? ከዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መካከል ቅጽ ማዘጋጀትና ውል መመዝገብ የዕለት ሥራቸው የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች አሉ፤ ከነርሱም ብዙዎቹ እንደ እኔ ተከራዮች ናቸው።

ወጪው ሌላ ሸክም ይሆናል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ለጎማውና ለባለሙያው የከፈልሁት ግን ልጄን ሐኪም ቤት ሳመላልስ ካወጣሁት ያነሰ ነው።

ስለ ሰፈሬም የምጨምረው አለኝ። ማለዳ የሚነሣውን አውቶቡስ ለመያዝ ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ ባሉት ማረፊያ ቤቶች አንድ ሌሊት ያድራል። ብርድ እንዳይመታው ብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ ቢያስገባ፣ ከከሰሉ የሚወጣው ያው የእኔን ቤተ ሰብ ያሳመመው ጋዝ ነው። እኛ አሥራ አንድ ቀን የማሰብ ዕድል ነበረን፤ ለአንድ ሌሊት እንግዳ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ የተኛ ሰው ራሱን ሲያመው አይነቃም ይሆናል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ለማረፊያ ቤቶችም እንዲደርስ፣ ባለቤቶቹም ከሰል በመኝታ ክፍል እንዳይገባ እንዲከለክሉ አሳስባለሁ።

አከራያችን እትዬ በነገሩ ተደናግጠው ነበር፤ አሁን ግን በየወሩ መጀመሪያ የሳሙና ውሃ በጣሳ ይዘው መጥተው «ልጄ፣ እስቲ እንየው» ይሉኛል። ከታመሙ በኋላ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለው የአባቶቻችን ምክር በየማድ ቤቱ ቢሠራበት መልካም ነው እላለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋራ

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአውቶቡስ ተራ፣ አዲስ አበባ