ጨዋታውን የሠራ ራሱ ያባዛው

በትርፍ ጊዜያቸው የጠረጴዛ ጨዋታ በሚፈጥሩ ጓደኞቻችን ላይ ማሾፍ ተለምዷል። እኛ ግን ጨዋታ መፍጠር ሐሳብን በተግባር ማስረዳት ነው እንላለን።

ኤልሳቤጥ ማጊ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1904 «የባለመሬቱ ጨዋታ»ን በስሟ አስመዘገበች፤ በ1906ም ከባልንጀሮቿ ጋር አሳተመችው። ዓላማዋ መሬት የያዘ ሰው ሌላውን በኪራይ እንዴት እንደሚያራቁት ማሳየት ነበር። ተማሪዎች ሳይቀሩ ሰሌዳውን በእጃቸው እየሣሉ ለዓመታት ተጫወቱት። በ1935 ፓርከር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ መብቷን በ500 ዶላር ገዛ፤ ከእርሷ ሥራ የተወለደውን «ሞኖፖሊ»ንም የቻርልስ ዳሮው ፈጠራ ነው እያለ ሸጠ። ባለመሬትን የሚገሥጸው ጨዋታ ሌላውን አራቁቶ የመክበር ደስታ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ እናንት ጨዋታ ፈጣሪዎች፥ ኩባንያ ደጅ አትጥኑ። ካርቶን፥ መቀስ፥ ጠጠርና ማባዣ መኪና ይበቃል። ሕጉን በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ለማያውቁት ሰዎች ሰጥታችሁ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ የተደናገሩበትን አስተካክሉ። ከዚያ ሃያ ቅጂ አባዙ፤ ስማችሁንና ጨዋታውን የሠራችሁበትን ምክንያት ሰሌዳው ላይ አስፍሩ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም።