«አገርህ ወዴት ነው?»

አንድ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋራ በመንገድ ወይም በአውቶቡስ ውስጥ ተገናኝቶ፥ ሰላምታ ተለዋውጦና ስም ጠይቆ ካበቃ በኋላ፥ ብዙ ሳይቆይ የሚያስከትለው ጥያቄ «አገርህ ወዴት ነው?» የሚል ነው። ጠያቂው ኢትዮጵያዊ መሆናችንን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የሚጠይቀው የትውልድ ቀያችንን፥ አባት እናታችን ውኃ የጠጡበትን ወንዝ ነው። በቋንቋችን «አገር» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይዟል፤ አንደኛው መላዋ ኢትዮጵያ ስትሆን፥ ሁለተኛው ወገኖቻችን የሚኖሩበት መንደርና አውራጃ ነው። ወታደር «ለአገሬ» ሲል፥ ለበዓል ወደ ወላጆቹ የሚሄድ መንገደኛም «አገር ቤት መሄዴ ነው» ሲል፥ ሁለቱም በዚያው በአንዱ ቃል ይጠቀማሉ።

እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳሰብ የምፈልገው ነገር ይህ ነው። ቃሉ ሁለቱን አገሮች ያለ ጠብ ተሸክሞ ሲኖር፥ እኛ ግን አንዱን ካልጣልን ሌላውን መያዝ የማንችል መስሎናል። የልዩነታችን ብዛት ይህን ያህል ባልጎዳን ነበር፤ የሚጎዳን «አገርህ ወዴት ነው?» ብለን ከጠየቅን በኋላ መልሱን ለመስማት አለመቆማችን ነው።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። ዘንድሮ 18 ዓመት ሞልቶኝ መታወቂያ ለማውጣት በሄድሁ ጊዜ፥ የሞላሁት ቅጽ «ብሔር» የሚል አንድ ባዶ መስመር ነበረው። አባቴ የወሎ ሰው ነው፤ እናቴ የጉራጌ ተወላጅ ናት፤ እኔ ደግሞ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ብዕሬን ይዤ ጥቂት ባመነታ፥ ጸሓፊው «የአባትህን ጻፍ» አሉኝ። «አማራ» ብዬ ጻፍሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የእናቴን ወገን በገዛ እጄ የሰረዝሁ መሰለኝ። ጸሓፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መስመሩ አንድ ስለ ሆነ ብቻ ነው። የአባቴም ነገር ቢሆን በዚያች መስመር አላለቀም። እሱ ራሱን ሲጠራ «ወሎዬ ነኝ» ይላል፤ አጎቱ ሙስሊም፥ አባቱ ክርስቲያን ነበሩ፤ በወሎም እንዲህ ያለው ቤተ ዘመድ እንግዳ ነገር አይደለም።

ወሎ የሚባለው ጠቅላይ ግዛት ዛሬ በካርታ ላይ የለም፤ ስሙ የቀረው በዞኖች ላይ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት ኢትዮጵያ በ14 ጠቅላይ ግዛቶች ተከፍላ ትተዳደር ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ክልሎችን በአብዛኛው በቋንቋና በማንነት ላይ መሠረተ። በዚያን ጊዜ 9 የነበሩት ክልሎች፥ ሲዳማ በ2012፥ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም. ከተቋቋሙና የቀረው የደቡብ ክልል በ2015 ዓ.ም. ለሁለት ከተከፈለ በኋላ፥ ዛሬ 12 ሆነዋል። እንግዲህ የካርታ መስመር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይለወጣል። ሰዎች ግን ዛሬም «ጎጃሜ ነኝ»፥ «ወሎዬ ነኝ»፥ «የሐረርጌ ሰው ነኝ» ማለታቸውን አልተዉም። የሰው ፍቅር ለአገሩ በአዋጅ ብቻ አይመጣም፤ በአዋጅም አይጠፋም።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን፥ «ስለ ወንዝና ስለ ቋንቋ ማውራቱ ይቅር፤ ሁላችንም ኢትዮጵያውያን ነን፤ ልዩነትን ማንሣት መለያየትን መጥራት ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «አስቀድሞ እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ፤ አንድነት ሲባል የኖረው የአንዱን ልብስ ለሁሉም ማልበስ ነበር» ይላል። ሁለቱም ከእውነቱ ድርሻ አላቸውና በችኰላ ልንነቅፋቸው አይገባም።

የመጀመሪያው ወገን የሚዘነጋው ነገር አለ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አድርጎ ሲደነግግ፥ ሌሎቹ ቋንቋዎች በትምህርት ቤት ቦታ አልነበራቸውም። ባላገሩም አማርኛ ካላወቀ ዳኛ ፊት የሚቆመው በአስተርጓሚ ነበር። አንድ ሕፃን ትምህርት ቤት በገባበት ቀን የእናቱን ቋንቋ ከበር ውጭ ጥሎ እንዲገባ ሲደረግ ምን እንደሚሰማው እናስብ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ማስተማሩ፥ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ማድረጉ፥ ይህን በር የከፈተ ሥራ ነው። ደግሞስ አንድ ዓይነት መሆን ብቻውን አገር ያቆማልን? ጎረቤታችን ሶማሊያ ሕዝቧ በአብዛኛው አንድ ቋንቋና አንድ ሃይማኖት ያለው ነው፤ ይህ ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥቷ ሲፈርስ ከእርስ በርስ ጦርነት አላዳናትም።

ሁለተኛውም ወገን የሚዘነጋው ነገር አለ። ይኸውም እያንዳንዱ በየአጥሩ ከተቀመጠ በኋላ ጎረቤቱን በወሬ ብቻ ማወቁ ነው። በወሬ የሚታወቅ ሰው ደግሞ በቶሎ ጠላት ይሆናል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን የተደረገውን ጦርነት እኛ የዚህ ዘመን ተማሪዎች ገና በልጅነታችን ሰምተናል፤ ወገን የሞተባቸውም በመካከላችን አሉ። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው የብሔር ጠብ ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፥ ብዙዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። እነዚያ ተማሪዎች እንደ እኛ የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፉ፥ በአንድ መኝታ ቤት የሚያድሩ፥ በአንድ አዳራሽ የሚበሉ ነበሩ። አብሮ መብላትና አብሮ ማደር ብቻውን እንደማያስተዋውቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ አማርኛን ዘግይቶ የተማረ አንድ ልጅ ወደ ክፍላችን መጣ። ሲናገር ወንዱን «አንቺ»፥ ሴቷን «አንተ» ይል ነበር። መምህራችን ጥያቄ ጠይቀውት በተነሣ ቁጥር ክፍሉ በሣቅ ይሞላል፤ እኔም ከሣቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጁ እጁን ማውጣት ተወ። በሒሳብ ከሁላችንም ይበልጥ እንደ ነበር ያወቅነው የዓመቱ መጨረሻ ውጤት ሲለጠፍ ነው። አማርኛ ለእሱ ሁለተኛ ቋንቋው እንደ ሆነ፥ ከሣቂዎቹ ብዙዎቻችን ግን ከአማርኛ በቀር ሌላ የአገራችንን ቋንቋ እንደማናውቅ ያን ጊዜ ያሰበ አልነበረም።

በተከተለው ዓመት ለመስቀል ከእናቴ ጋራ ወደ አያቴ ሄድን። እንደሚታወቀው ሁሉ ለመስቀል ጉራጌ ከያለበት ወደ አገሩ ይመለሳል። አያቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ተናገሩኝ፤ እኔ ግን አንድም ቃል አልገባኝም። እናቴ በመካከላችን ቆማ ታስተረጉም ነበር። የገዛ አያቴን በአስተርጓሚ አነጋገርኋቸው። ያን ጊዜ ከዘመዶቼ ልጆች አንዱ በአጠራሬ ሲሥቅ፥ የዚያ የክፍል ጓደኛዬ ፊት ትዝ አለኝ።

በዚያ ሰሞን ስለ እንሰት የተማርሁት በትምህርት ቤት ከሰማሁት ሁሉ ይበልጣል። የከተማ ልጆች «የሙዝ ግንድ ትበላላችሁ» እያሉ ሲቀልዱ ሰምቼ ዝም ያልሁበት ጊዜ ነበር። እንሰት ግን ሙዝን በመልክ ይመስላል እንጂ ፍሬው አይበላም። ተክሉ ለዓመታት ካደገ በኋላ ግንዱና ሥሩ ተፍቆ፥ በጕድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ይቦካና ቆጮ ይሆናል፤ ከፍቁ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ቡላ ይባላል፤ ከገለባው ለገመድ የሚሆን ቃጫ ይገኛል። ድርቅን ስለሚችልና ተቀብሮ ብዙ ጊዜ ስለሚቆይ፥ ዝናብ ባነሰ ዓመት የቤተ ሰብ መጠባበቂያ ነው። ዛሬ ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን የአገራችን ሕዝብ በእንሰት ላይ ይኖራል ይባላል። የጤፍ አገር ልጅ ይህን ቢያውቅ ከቀልዱ በፊት ዘሩን በጠየቀ ነበር። እንዲሁም የኮንሶ ገበሬ ተራራውን በድንጋይ እርከን ይዞ አፈሩን ከጎርፍ ሲጠብቅ ለብዙ ትውልድ ኖሯል፤ ዩኔስኮም ያን ምድር በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች መካከል መዝግቦታል። ጎርፍ መሬታቸውን በየዓመቱ የሚወስድባቸው የሌላ አውራጃ ገበሬዎች ልጆች ግን ኮንሶን የምናውቀው በጭፈራው ነው።

ልዩነታችን እንዲህ የሚጠቅም ዕውቀት ሲሆን፥ መመሳሰላችንም ከምናስበው ይበልጣል። አማርኛ «እንዴት አደርህ?» ሲል፥ ትግርኛ «ከመይ ሓዲርካ?»፥ ኦሮምኛ ደግሞ «አካም ቡልቴ?» ይላል። ሦስቱም ጧት የሚጠይቁት ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈልን ነው። ኦሮምኛ ከኩሽ ቋንቋዎች፥ አማርኛና ትግርኛ ከሴም ቋንቋዎች የሚመደቡ ቢሆኑም፥ ስለ ሰው ደኅንነት የሚጠይቁበት መንገድ አንድ ነው። ግእዝ ብዙ ጊዜ አንቀጹን አስቀድሞ ሲናገር፥ አማርኛ ግን ማሠሪያ አንቀጹን የሚያኖረው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንትም አማርኛ ይህን ጠባይ ያገኘው ከኩሽ ቋንቋዎች ጋራ ለረጅም ዘመን አብሮ በመኖሩ እንደ ሆነ ይናገራሉ። እንግዲህ በአማርኛው የሚኮራ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ከጎረቤቱ በተማረው ሥርዓት ይናገራል።

ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር 29 ቀን የብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን እየተባለ በየዓመቱ ይከበራል። በእኛም ትምህርት ቤት በዚያ ቀን ልብስ ተውሰን እንለብሳለን፥ እንጨፍራለን፥ ፎቶግራፍ እንነሣለን። ነገሩን አልጠላውም፤ ደስታ ነው። ነገር ግን የተዋስነውን ልብስ በማግሥቱ ስንመልስ፥ ስለ ልብሱ ባለቤት የምናውቀው ነገር ከትናንትናው አይጨምርም። የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል ብለን እንኮራለን፤ በገዳ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ለሌላው እንደሚተላለፍ የሚያውቀው ግን ከመካከላችን ስንቱ ነው? «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» እንደሚባለው፥ ባለቤቱን ሳንጠይቅ ስለ ባለቤቱ መናገር ልማድ ሆኖብናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። መጀመሪያ ለወላጆቻችን፥ የምታውቁትን ቋንቋ እባካችሁ አትደብቁን። ልጄ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ይበርታልኝ ብላችሁ የአያቶቻችንን ቋንቋ ከእኛ አትቍረጡት፤ እናቴም ይህን አስባ ነበር፥ ዛሬ ግን ትቆጭበታለች። ሁለተኛ ለመምህራኖቻችን፥ የኅዳር 29 በዓል ከጭፈራው በፊት የጥያቄ ሰዓት ይኑረው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከሌላ አገር የመጣ ጓደኛውን ጠይቆ፥ ስለ እርሻው፥ ስለ ሽምግልናው፥ ስለ ሠርጉ የሰማውን ጽፎ ያምጣ። ሦስተኛ ለእኛ ለተማሪዎች፥ ሁላችንም ከአፍ መፍቻችን ሌላ አንድ የአገራችንን ቋንቋ እንጀምር። «የፈተናው ጭንቀት አይበቃንምን?» የሚል ጓደኛ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ሊቅ እንሁን አላልሁም። በቀን አንድ ቃል ብንይዝ፥ በዓመቱ መጨረሻ ከአንድ አያት ጋራ ያለ አስተርጓሚ ለመነጋገር ይበቃል። እኔ ጉራግኛ መማር ጀምሬአለሁ፤ ባለፈው መስቀል አያቴ በስሕተቴ ሣቁ፥ ነገር ግን የሣቁት እየመለሱልኝ ስለ ነበር አልከፋኝም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ፈተናውን ካለፍን በሚመጣው ዓመት ብዙዎቻችን አይተነው ወደማናውቅ ከተማ ተመድበን እንሄዳለን። ከእናት ከአባት ርቀን፥ በአንድ መኝታ ቤት ከማናውቃቸው ልጆች ጋራ የመጀመሪያዋን ሌሊት እናድራለን። አንዱ ቀና ብሎ «አገርህ ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔ «አባቴ ወሎ፥ እናቴ ጉራጌ፥ እኔ አዲስ አበባ» ብዬ ለመመለስ ወስኛለሁ፤ ቅጹ አንድ መስመር ቢሆንም አፌ አንድ መስመር አይደለምና። ከዚያም እኔ በተራዬ አገሩን እጠይቀዋለሁ፤ ስሙን በነገረኝ ጊዜም በዚያ ሳላበቃ፥ «በእናንተ አገር ጧት ሰው ሲገናኝ ምን ይባባላል?» እለዋለሁ። እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ፤ በማግሥቱ ጧት በዚያው ቃል ሰላም በሉት።