«ትንሽ ጨምረህ አዲስ ግዛ»

ዕቃ በተበላሸበት ቤት ሁሉ አንዲት ምክር አትጠፋም፤ «ለጥገና ከምታወጣ ትንሽ ጨምረህ አዲስ አትገዛም?» የምትል። ቀን በባንክ መስኮት ገንዘብ ስቈጥር ውዬ ማታ ቃላት ስመዝን ስለማመሽ ይሁን እንጃ፣ «ትንሽ» ከምትለዋ ቃል ጋር ከተጣላሁ ሰነበትሁ። ማስጠገኛው 5,000 ብር፣ አዲሱ 15,000 ብር ከሆነ ጭማሪው 10,000 ብር ነው። ይህ በየትኛው ቤት ነው «ትንሽ» የሚባለው?

የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ ይቅርብህ የሚል ልማዳዊ መለኪያም አለ። መጥፎ መለኪያ አይደለም። ችግሩ ብዙ ሰው ከአዲሱ ዋጋ ጋር ሳይሆን ከዓመታት በፊት ከከፈለው ጋር ማስተያየቱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ፍሪጅ የገዛ ሰው የድሮ ደረሰኙን ይዞ ከጠጋኝ ጋር ቢሟገት፣ የሚሟገተው በሌለ ዋጋ ነው። እርግጥ መለዋወጫውም ከውጭ ይመጣልና ተወድዷል፤ የእጅ ዋጋው ግን እዚሁ ላለ ሰው የሚከፈል ነውና ከዶላሩ እኩል አይሮጥም። በእኔ ግምት ሚዛኑ ከቀድሞው ይልቅ ወደ ጥገናው አድልቷል።

ይህ ሲባል ግን የተበላሸው ምን እንደሆነ ከታወቀ ነው። ድምፅ እያለው ምስሉ የጨለመ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠሉበት ከጀርባ የሚያበሩት አምፖሎች ናቸው፤ ይቀየራሉ። መስተዋቱ ራሱ ከተሰነጠቀ መሰናበት ይሻላል። ፍሪጅ አላቀዘቅዝ ሲልም «ኮምፕረሰሩ ሞቷል» የሚል ፍርድ ቶሎ ይሰጣል። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ኮምፕረሰሩ በውስጡ ያለው ግፊት ሳይረጋ ለመነሣት ይታገላል፤ በዚህ ትግል የምትቃጠለው አንዳንዴ ማስነሻዋ ብቻ ናት፤ እርሷ ደግሞ ትንሽ ዕቃ ናት። ጋዝ አልቋል ከተባላችሁ «ወዴት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። የፍሪጅ ጋዝ በአገልግሎት ብዛት አያልቅም፤ የሚጐድለው ቀዳዳ ሲኖር ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ የሞላ ባለሙያ የሸጠላችሁ ጥቂት ወራት ነው።

ስልክን በተመለከተ፣ ባትሪ መቀየር የሚያስቈጭ ወጪ አይደለም፤ ባትሪ በተሞላ ቍጥር ማርጀቱ የተፈጥሮው ነው። ውኃ የገባበት ቦርድ ግን ዛሬ ቢነሣም ዝገቱ ሥራውን ይቀጥላልና ብዙ ገንዘብ አላወጣበትም። ሌላም አለ፤ አካሉ ደኅና ሆኖ ሶፍትዌሩ ያረጀ ስልክ። የባንኩን መተግበሪያ አልከፍት ያለው ደንበኛ ስልኩን በመስኮት ሲያቀብለኝ፣ ሊጠገን የሚችል ምንም ነገር እንደሌለው መንገር ከሥራዬ ሁሉ ይከብደኛል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ያረፉት እናቷ ድምፅ የተቀዳበትን አሮጌ ስልክ ለማስነሣት ስልኩ ከሚያወጣው ዋጋ በላይ ከፍላለች። ድምፁ ተገኘ። «ከሰርሽ» ያሏት ነበሩ፤ እኔ ግን ግማሽ ዋጋ የሚለውን መለኪያ እዚህ ላይ ማንሣትም ነውር መስሎ ይታየኛል።

የማይጠገነውም ቢሆን ከሰፈር ሲወጣ አልጠፋም። ቆራሌው ይወስደዋል፤ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይፈታል፤ ሽቦውና ብረቱ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ስለዚህ ለቆራሌው ከመጥራቴ በፊት ወደ ጠጋኙ ጎራ ብዬ «ለመለዋወጫ ትገዛኛለህ?» እላለሁ። አንዳንዴ ይገዛል፤ ዋጋውም ከቆራሌው ይሻላል።